ከቀዳሚው ምስል ጋር ሲነጻጸር

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሙከራ መዝገብነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች ቁጥር ብቻ ናቸው። የቀረውን ለሌላ ነገር አውለዋለሁ። ማንም ስለማያነበው መግቢያ አያስፈልገውም፤ ይሁን እንጂ ነገርን ከመነሻው መጻፍ ልማዴ ነው።

አባቴን አቶ አምሳሉን በመጋቢት አጋማሽ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ንግግራቸው ጠፍቷል። ግራ እጃቸው ይሠራል፤ የሚባሉትን ሁሉ ይሰማሉ። ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን እኔና ታላቅ እኅቴ ታቢታ እናስታምማቸዋለን። ታቢታ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ማለዳ ወጥታ አሥር ሰዓት ላይ ትመለሳለች። እስከ እኩለ ቀን እኔ አለሁ። ከዚያ ጎረቤታችን ወይዘሮ አለምነሽ ምሳ ሊያጎርሷቸው ይመጡና ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሱቃቸው ይሄዳሉ። ከስምንት እስከ አሥር ያለው ሁለት ሰዓት የእኔ ነው። በትክክል ለመጻፍ፣ እስከ ትናንት የእኔ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የማቀርበው ሰኔ 26 በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ መገኘት አለብኝ።

ጥናቴ ቪዲዮ በደካማ ኢንተርኔት እንዲያልፍ መጠኑን ስለ መቀነስ ነው። እያንዳንዱ ምስል በትልልቅ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። በአንዱ ክፍል ውስጥ ምንም ካልተለወጠ ክፍሉ እንደገና አይላክም፤ «እንደነበረ ነው» የሚል አጭር ምልክት ይበቃዋል። ለውጥ ካለ ለአራት ይቆረጣል፤ ከአራቱም ለውጥ ያለበት እንደገና ለአራት። ጭንቁ ሁሉ የት ላይ መቁረጥ ማቆም እንደሚገባ መወሰኑ ላይ ነው።

አባቴ ይህን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሴራሚክ ሲያነጥፉ ኖረዋል፤ ሙሉውን መሃል ላይ፣ ቁራጩን ጠርዝ ላይ። አምና ሥራዬን ላስረዳቸው ስሞክር እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ይህን ለመማር ነው ወይ ይህን ሁሉ ዘመን የፈጀኸው፣ እኔ ዘንድ ብትመጣ በሦስት ወር አስጨርስህ ነበር አሉኝ። ታቢታ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

አንጥፈው ሲጨርሱ እያንዳንዱን ሴራሚክ በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ። ከሥሩ ሲሚንቶ የሞላው ከሆነ አንድ ጊዜ አንኳኩተው ያልፋሉ። ባዶ ከሆነ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ልጅ ሳለሁ በሦስተኛው ላይ እርሳስ ይዤ እየሮጥኩ ምልክት አደርግበት ነበር። ከታመሙ ወዲህ፣ ሲፈልጉን ከአልጋቸው በስተግራ ያለውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ማናችንም ይህን ምልክት አልሰጠናቸውም። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ከየሰው ቤት ሥራ በተረፈ ሴራሚክ የለበሰ ነው፤ የታቢታ ጓደኞች በልጅነታችን «እናንተ ሻወር ቤት ነው የምትተኙት?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ከስምንት እስከ አሥር አባቴን የማይበት ካሜራ ክፍላቸው ውስጥ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቀለ። አልጋውም ግድግዳውም ይታያሉ። አሮጌው ላፕቶፕ ምስሉን በእኔ ዘዴ አሳንሶ ቤተ ሙከራ ወዳለሁበት ይልካል። ያልተነካው ቅጂ፣ ለማመሳከሪያ፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀራል። አንድ ሥራ ለሁለት ጉዳይ ይውላል፤ ለጥናቱም፣ ለአባቴም።

አባቴ ካሜራውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ከአልጋው አጠገብ ወዳለው ወንበር ጠቆሙ፤ እኔ የምቀመጥበት ነው። መተላለፊያ ዘግቶባቸው መሰለኝ። ወደ ሳሎን አወጣሁት።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ታቢታ አባባ እየከሱ ነው አለች። የትናንቱንና የዛሬውን ምስል ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየኋት። ልዩነት የለም። የሰኞንና የማክሰኞንም አሳየኋት። እዚያም የለም።

«ሸሚዛቸውን የምቆልፈው እኔ ነኝ» አለች።

ደክሟት እንደሆነ ነገርኳት። የሐኪም ቀጠሮ ለሰኔ 5 አለ፤ እስከዚያ የሚያስቸኩል ነገር አላየሁም።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ጥሩ ቀን።

ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ ሥሌቱ ይከብደዋል። ስለዚህ ፈጣን ሕግ አወጣሁለት፤ አንድን ክፍል ለመቁረጥ ከመሞከሩ በፊት፣ ካሜራው አሁን ያነሣውን ምስል ከአንድ ቅጽበት በፊት ካነሣው ጋር ብቻ ያነጻጽራል። ልዩነቱ ከወሰንኩት መጠን ካነሰ «እንደነበረ ነው» ብሎ ያልፋል። የሥሌቱ ጊዜ በግማሽ ወረደ።

አማካሪዬ ዶክተር ሰይፈሚካኤል አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ማነጻጸር ያለበት ካሜራው ፊት ከነበረው ጋር ሳይሆን ተመልካቹ ፊት ካለው ጋር አይደለም ወይ አሉ። ልዩነቱ ከግምት የሚገባ እንዳልሆነ መለስኩላቸው። ፈትሸኸዋል ወይ ሲሉኝ እፈትሸዋለሁ አልኳቸው። ሌላ ተማሪ ገባና ወሬው ተቋረጠ።

ከእኔ ጎን የሚሠራው ሱልጣን ለመጣው ሁሉ «ኢዮስያስ እንኳን ቪዲዮ፣ ፍቅረኛ ቢይዝ ለአራት ከፍሎ ለውጥ ያለበትን ሩብ ብቻ ነው ሻይ የሚጋብዘው» እያለ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸለዩ። አጎቴ በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ አባቴ በጥሩ እጃቸው የታመመውን እጃቸውን ይዘው ሰሙ። ሲወጡ ዝናብ ጀመረ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ገባሁ። ውሃ አቀረብኩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላገላብጥዎት አልኳቸው፤ አልፈለጉም። መስኮቱን ልዝጋ፤ አሁንም አይደለም። የሸሚዜን እጅጌ ያዙ። የሚፈልጉትን ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ቆሜ ጠበቅኩ፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ፕሮግራሙ ስሕተት ማሳወቅ ስለጀመረ እጃቸውን ቀስ ብዬ አስለቅቄ ሄድኩ።

አስለቅቄ የሚለው ቃል ትክክል ነው። አልቀይረውም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

በጥድፊያ። ከሚላከው ቪዲዮ ድምፁን አወጣሁት፤ ጥናቱ የምስል ነው፣ ድምፅ መስመር ይሻማል። ምስሉ ሙሉ በሙሉ የሚታደሰው በየደቂቃው ነበር፤ ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ አራዘምኩት። የሚላከው መጠን ቅናሽ ከ22 በመቶ ወደ 31 ደረሰ። እስካሁን የታተመ ይህን ያህል አላየሁም።

ታቢታ ቢያንኳኩ ይሰማሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያቸዋለሁ አልኳት።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አባቴ ዛሬ አረፉ።

ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት፤ ሙሉ ምስል ገባ። ተኝተዋል። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት፤ ሙሉ ምስል ገባ። እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። ራሳቸው ከትራሱ ወርዷል። በሁለቱ መሃል ምንም የለም።

ባጃጅ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ገላቸው ሞቃት ነበር።

ታቢታ እንደ ሁልጊዜው አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ሙዝ ገዝታ ነበር።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ድንኳኑ ዛሬ ተነሣ። የእድሩ ወንበሮች ተቆጥረው ተመለሱ።

ለቀስተኛው ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፤ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ሄዱ፣ አልተሠቃዩም፣ ይህ ለጻድቅ የሚሰጥ ሞት ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። የሱልጣን እናት ይህንኑ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ወይዘሮ አለምነሽ፣ ምን ነበር አንድ ሰዓት ብቆይ እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ታቢታ እቅፍ አድርጋ፣ «እትዬ አለምነሽ፣ ኢዮስ እኮ ያያቸው ነበር» አለቻቸው።

በኋላ ዕቃ ስናጥብ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«እያየሃቸው ነበር አይደል?»

«እያየሁ ነበር።»

«እንግዲያው ብቻቸውን አልሞቱም።»

ሰሐኑን ተቀብዬ አደረቅኩት።

ድንኳኑ ውስጥ የቆመው ፎቶግራፍ የጥምቀት ሰሞን የተነሡት ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያሉት ሰው ሙሉ ፊት አላቸው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ቤተ ሙከራ ተመለስኩ። ዶክተር ሰይፈሚካኤል ቆመው ተቀበሉኝ፤ ከፈለግህ ወደ መስከረም እናዛውረው አሉኝ። አልፈለግኩም። የውጤት ሠንጠረዡን አዩና በየቀኑ ከተቀዳው ሁሉ የሰኔ 3 ከሰዓት ቅጂ ከፍተኛውን ቅናሽ እንዳሳየ አስተዋሉ፤ 38 በመቶ። ይህ ምዕራፍ አራት ውስጥ በጉልህ ይግባ አሉ። ቀኑን አላስተዋሉም። እኔም አልነገርኳቸውም።

ከሄዱ በኋላ ግንቦት ላይ የጠየቁኝን ፈተሽኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ፈጣኑ ሕግ እያንዳንዱን ምስል የሚያስተያየው ካሜራው ከቅጽበት በፊት ካየው ጋር ነው። በዝግታ የሚንቀሳቀስ እጅ፣ ከቀዳሚው ምስል ጋር ሲነጻጸር፣ ሁልጊዜ እንደነበረ ነው። ጥቂት ይሄዳል፤ «እንደነበረ ነው»። ሌላ ጥቂት ይሄዳል፤ አሁንም «እንደነበረ ነው»። ጥቂቱ ከጥቂቱ ጋር አይደመርም። ተመልካቹ ፊት ያለው ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ያረጀ ምስል ነው። ግድግዳ የሚያንኳኳ አንድ የጣት አንጓ ደግሞ ለትልቅ ክፍል ከተደለደለ ከወሰንኩት መጠን በታች ነው።

ሃያ ደቂቃ። ግንቦት 19 ቀን ሃያ ደቂቃ ነበረኝ። ያን ዕለት ከሱልጣን ጋር ማኪያቶ ጠጥተናል።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሚሞሪ ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ እዚያው ነው። ሸሚዝ ስቀይር አብሬ አዛውረዋለሁ። አልከፈትኩትም።

እዚህ ያልጻፍኳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ያልተሟላ መዝገብ ሐሰተኛ መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው፤ ሰኔ 3 ቀን፣ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ገደማ፣ ሱልጣንን ጠርቼዋለሁ። የሚላከው መጠን ወደ ዜሮ ተጠግቶ ነበርና የግራፉን መስመር ላሳየው ፈለግኩ። «ተመልከት፣ አንድም ክፍል አልተቆረጠም» አልኩት። ሱልጣን ግን መስመሩን ሳይሆን ምስሉን አየና አባባ እንዴት ደስ ብሏቸው ተኝተዋል አለ። እኔ የማየው መስመሩን ነበር። ለታቢታ እያየሁ ነበር ያልኳት ይህን ነው።

ሁለተኛው፤ በእንቅልፋቸው ሄዱ የሚለውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ታቢታ በሩ ላይ ሙዙን እንደያዘች «እንዴት?» ስትለኝ የመለስኩላት ይህን ነው። ከመግባቷ በፊት እጃቸውን ከግድግዳው አውርጄ ደረታቸው ላይ መልሼው ነበር። ራሳቸውንም ትራሱ ላይ አስተካክያለሁ። ቀድሞ እንደነበረው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ነገርኳት። ከጸሎት ቤት ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር። ሁሉንም በተራው ነገርኳት፤ ሕጉን፣ ድምፁን፣ አሥራ አምስት ደቂቃውን፣ ሱልጣንን፣ እጃቸውን መመለሴን። እንዲገባት ቀላል አድርጌ ለማስረዳት ስሞክር አቋረጠችኝ።

«ካርዱ የታለ?»

እንዳታየው ለመንኳት። እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠን በአሮጌው ላፕቶፕ አየነው። ድምፅ አለው። ስምንት ሰዓት ከአርባ ስድስት ላይ እጃቸው ከደረታቸው ተነሣ። ግድግዳው ዘንድ እስኪደርስ አራት ደቂቃ ፈጀባቸው። እየቆሙ፣ እያረፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሴራሚክ አንድ ጊዜ አንኳኩ። ቀጥሎ ያለውን አንድ ጊዜ። በተራ በተራ ሰባት ሴራሚክ፣ ለእያንዳንዱ አንድ። ስምንተኛው ባህል አዳራሽ አካባቢ ካለ ቤት የተረፈ አረንጓዴ ነው። እርሱን ሦስት ጊዜ አንኳኩ። አረፉ። እንደገና ሦስት ጊዜ። አረፉ። ሱልጣን ደስ ብሏቸው ተኝተዋል ያለው ከስንተኛው ጋር እንደሚገጥም ላለማስላት ሞከርኩ፤ ከሁለተኛው ጋር ነው። ስድስት ጊዜ ደጋገሙት። የመጨረሻው ላይ የተሰማው ሁለት ብቻ ነው።

ታቢታ ላፕቶፑን ዘጋችው። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ ተናገረች።

«አልጠሩንም፣ ኢዮስ። አላየህም ተራውን እንዴት እንደጠበቁ? ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱን ባዶ አገኙት፣ እርሱን ነው የሚያሳዩት።»

ሊሆን ይችላል። ሠላሳ አራት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ከሰኔ 3 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዬን ጨረስኩ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

አቀረብኩ።

ሕጉን አስተካክዬ ነው ያቀረብኩት፤ ማነጻጸሪያው ተመልካቹ ፊት ያለው ምስል ነው። ቅናሹ ከ31 ወደ 14 በመቶ ወረደ። የሰኔ 3ን ቅጂ ከሠንጠረዡ አወጣሁት። ከፈታኞቹ አንዱ፣ በረቂቁ ላይ የተሻለ ቁጥር ነበረህ፣ ምን ነካው አሉ። ዘዴው በዝግታ የሚመጣን ለውጥ እንደማያይ ገለጽኩ። ምሳሌ እንድሰጥ ጠየቁኝ። ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው አልኩ። ዶክተር ሰይፈሚካኤል አዩኝ። ያን ጊዜ ቀኑን ያስታወሱት ይመስለኛል። መነጽራቸውን አውልቀው ጥያቄው በቂ ነው አሉ።

አለፍኩ። ሱልጣን ውጭ ይጠብቀኝ ነበር። እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ተወው፤ እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ቦርሳዬን ተሸከመልኝ።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ታቢታ ወይዘሮ አለምነሽ ዘንድ መሄዷን አረጋግጬ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። ላደርገው የፈለግኩት ያሰብኩበት ነገር ነው። ባዶው ሴራሚክ ላይ በእርሳስ ምልክት ላደርግ ነበር፤ እንደ ድሮው። እርሳሱን የቀረጽኩት ጠዋት ነው።

ተንበርክኬ ሰባቱን አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ሙሉ ናቸው። አረንጓዴውን አንኳኳሁ።

ሙሉ ነው።

መሃሉን አንኳኳሁ፤ አራቱንም ማዕዘን አንኳኳሁ፤ ጆሮዬን ለጥፌ ደግሜ አንኳኳሁ። ከሥሩ ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ ሞልቷል። አባቴ የለጠፉት ሁሉ ባዶ የሚሆን ቦታ የለውም። እርሳሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ስነሣ ታቢታ በሩ ላይ ነበረች። መቼ እንደተመለሰች አልሰማሁም። ፊቴን አየች፣ ግድግዳውን አየች።

«እኔ ያኔውኑ፣ ቪዲዮውን ያየን ዕለት፣ አንተ ስትወጣ አንኳኩቼዋለሁ፤ ሙሉ ነው» አለች።

ወደ ሳሎን ተመለሰች። የሚጎተት ነገር ሰማሁ። ግንቦት 8 ቀን አባቴ ጠቁመውት ያወጣሁትን ወንበር ይዛ ገብታ፣ አልጋው አጠገብ፣ ድሮ ከነበረበት ቦታ አስቀመጠችው። እግሮቹ ወለሉ ላይ ጥለውት የነበረው ምልክት ላይ ልክ እስኪገጥሙ ሁለት ጊዜ አስተካከለችው።

«ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።